ባሕር ዳር ብላችሁ አምቦ እንዳትወርዱ፦ ኮምፕሌክስ ቁጥርን ከሬክታንጉላር ወደ ፖላር መቀየር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ልጆች አስጠናለሁ። አብዛኞቹ 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ናቸው፤ አልፎ አልፎ ፍሬሽማን ኮርስ ያስጨነቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይቀላቀለናል። አንድ ቀን ለአንዱ ልጅ እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠሁት። ባሕር ዳር ከእኛ በግምት 36 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ 140 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ናት፤ በቀጥታ መስመር ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ በስንት ዲግሪ? ልጁ ጎበዝ ነው። ካልኩሌተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገና "144.55፣ በ−75.58 ዲግሪ" አለኝ።

"እስቲ ባሕር ዳርን በእጅህ አሳየኝ" አልኩት። ሳያመነታ ወደ ሰሜን ጠቆመ። "ደብተርህስ ወዴት ነው የሚጠቁመው?" ስለው ዝም አለ።

ደብተሩ የሚጠቁመው ወደ ደቡብ ነበር። ያንን ማዕዘን ይዞ 144 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ጣና ዳር ዓሣ አይበላም። ዓባይን ተሻግሮ ሸዋ ውስጥ፣ አምቦና ጊንጪ መካከል አካባቢ ነው ራሱን የሚያገኘው። የሚያናድደው ደግሞ ርቀቱ ልክ መሆኑ ነው። አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

ይህን ስህተት እኔም ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ሠርቼዋለሁ፤ የጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል ላይ የተሳሳተው ማዕዘን ቀጣዮቹን ሁለት ክፍሎች ይዞ ገደል ገባ። ስለዚህ ይኼን የምጽፈው ፎርሙላውን ላስታውሳችሁ አይደለም፣ ፎርሙላው መጽሐፋችሁ ላይ አለ። ካልኩሌተሩን ከመንካታችሁ በፊት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ልነግራችሁ ነው።

ሁለቱ አጻጻፎች

ኮምፕሌክስ ቁጥር ሪል ፓርት እና ኢማጂነሪ ፓርት አለው። እዚህ ሪሉን ሀ፣ ኢማጂነሪውን ለ እላቸዋለሁ። ቁጥሩ እንግዲህ ሀ + ለአይ ይሆናል። (አይ ስል እምቢ ማለቴ አይደለም፤ በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጠውን ማለቴ ነው።) ሬክታንጉላር ፎርም የሚባለው ይኸው ነው፦ ይህን ያህል ወደ ጎን፣ ይህን ያህል ወደ ላይ።

ፖላር ፎርም ሌላ ሁለት ነገር ነው የሚነግራችሁ። ነጥቡ ከመነሻው ምን ያህል ይርቃል? ወደ እሱ ለመዞርስ ስንት ዲግሪ ያስፈልጋል? ርቀቱ ሞዱለስ ይባላል፣ አር እንለዋለን። ማዕዘኑ አርግዩመንት ይባላል፣ ቴታ እንለዋለን። ሲጻፍ አር(ኮስ ቴታ + አይ ሳይን ቴታ) ነው፤ ባጭሩ ደግሞ አር∠ቴታ።

ገጠር ለገጠር የተዘዋወረ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ከተማ ውስጥ መንገድ ብትጠይቁ "ይኼን አስፋልት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፉ" ትባላላችሁ። ያ ሬክታንጉላር ነው። ገጠር ያገኛችኋቸው አባት ግን ዱላቸውን ያነሡና "ያቻትና፣ ከዚያ ተረተር ማዶ" ይላሉ። ዱላው ቴታ ነው፣ "ማዶ" ያሉት አር ነው። በአሩ ላይ ዋስትና አልሰጥም፤ "ቅርብ ነው፣ ደርሳችኋል" ተብሎ ሦስት ሰዓት በእግሩ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ላይ በርዝመትና በአቅጣጫ ካሳዩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱም ሥራው ካርታ መሥራት ነበር። ካስፓር ቬሰል ይባላል፣ ትውልዱ ኖርዌይ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1797 ለዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበው፣ በ1799 ታተመ። በዴንማርክኛ ስለነበረ መቶ ዓመት ገደማ ብዙም ሰው ልብ ሳይለው ቀረ። ስሙን የወሰደው በ1806 ተመሳሳይ ነገር ያሳተመው አርጋንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ሥዕሉን አርጋንድ ዲያግራም የምንለው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ሣሉ

መስቀል ሥሩ። አግድሙ የሪል፣ ቋሚው የኢማጂነሪ መስመር ነው። ማስመሪያ አያስፈልግም፣ ልኬትም አያስፈልግም። የሀን ምልክት አይታችሁ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ፣ የለን ምልክት አይታችሁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሂዱና ነጥብ አድርጉ። ከመሀል ወደ ነጥቡ መስመር ስቡ። በቃ፣ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ማዕዘኑን በዓይናችሁ ገምቱ። ዜሮ ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ነው። ከዚያ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ እንዞራለን፤ ሰሜን 90 ነው፣ ምዕራብ 180። (ኮምፓስ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ። ኮምፓስ ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት አዟዟር ነው የሚቆጥረው፤ እዚህ ሁለቱም ይለያያሉ።)

ባሕር ዳር −36 + 140አይ ናት። ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ላይ ብዙ። ስለዚህ ማዕዘኑ ከ90 አለፍ ያለ ነገር ነው፣ መቶ ምናምን። ይህን ግምት ደብተራችሁ ጥግ ላይ ጻፉት። ካልኩሌተሩ −75 ሲላችሁ የሚያድናችሁ ይህች ጥግ ላይ ያለች ቁጥር ናት።

ሁለተኛ፦ አርን ማግኘት

አር = √(ሀ² + ለ²)። ፓይታጎረስ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። −36 ስኩዌር 1296፣ 140 ስኩዌር 19600፣ ድምሩ 20896፣ ስኩዌር ሩቱ 144.55።

በመኪና ግን ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አስፋልቱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ ዞሮ ነው የሚሄደው። አር የሚነግራችሁ አሞራው የሚበረውን ነው።

ልጆቹ እዚህ ጋ የሚስቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ −36ን ያለ ቅንፍ አስገብተው ስኩዌር ማድረግ ነው። ማሽኑ 36ን ብቻ ስኩዌር ያደርግና ፊቱ ላይ ማይነስ ይለጥፍበታል፤ መልሱ 135.29 ይመጣል። ቁጥሩ ጤነኛ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ሁለተኛው አይን አብሮ ስኩዌር ማድረግ ነው። 140አይ ስኩዌር −19600 ይሆንና ከሥሩ ውስጥ ማይነስ ይገባል፣ ማሽኑም ኤረር ይላችኋል። ይሄኛው እንኳ ደግ ስህተት ነው፣ ራሱን ያጋልጣል። ለ ማለት 140 ብቻ ነው፣ አይ አይገባበትም።

ሦስተኛ፦ ቴታ፣ ጉዱ ያለበት

መጽሐፉ ቴታ = ታን⁻¹(ለ ÷ ሀ) ይላችኋል። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው።

ለምን? 140ን ለ−36 አካፍሉ፦ −3.8889። አሁን ደግሞ −140ን ለ36 አካፍሉ፦ ያው −3.8889። አንዱ ባሕር ዳር ነው፣ ሌላው አምቦ አካባቢ። ማካፈሉ ማይነሱ ከላይ ይምጣ ከታች አጠፋው። ካልኩሌተሩ ከእናንተ የተቀበለው −3.8889 የምትል አንድ ቁጥር ብቻ ናት፤ ከየት እንደመጣች አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከ−90 እስከ 90 ባለው ውስጥ ያለውን፣ የቀኙን ግማሽ መልስ ይሰጣል። ነጥባችሁ በቀኝ በኩል ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። በግራ በኩል ከሆነ መልሱ ሁሌ፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ በ180 ዲግሪ የተገለበጠ ነው።

አንዳንድ መምህር "ሀ ኔጌቲቭ ከሆነ 180 ደምር" ይላል። ይሠራል። እኔ ግን ልጆቹ ሲቸኩሉ መቼ መደመር እንዳለባቸው ሲጠፋባቸው ስላየሁ ሌላ መንገድ ነው የማስተምረው።

ምልክቶቹን መጀመሪያ ጣሏቸው። 140 ÷ 36፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ። ታን⁻¹ አድርጉት፦ 75.58። ይህ ሪፈረንስ አንግል ይባላል፣ መስመራችሁ ከአግድሙ መስመር ጋር የሚሠራው ሹል ማዕዘን ነው። ሁልጊዜ ከ0 እስከ 90 መካከል ነው። ከዚያ ሥዕሉን አይታችሁ ቦታው ላይ ታስቀምጡታላችሁ።

ነጥቡ ቀኝና ላይ ከሆነ እንዳለ ይቆያል። ሞጣ ከደብረ ማርቆስ በግምት 16 + 83አይ ናት፤ አሩ 84.53፣ ማዕዘኑ 79.09። ምንም የሚነካካ የለም።

ግራና ላይ ከሆነ ከ180 ቀንሱለት። ባሕር ዳር፦ 180 − 75.58 = 104.42። ጥግ ላይ "መቶ ምናምን" ብለን አልነበር? ገጠመ።

ግራና ታች ሲሆን ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ለዚህ መነሻችንን ባሕር ዳር እናድርግና ዳንግላን እንፈልግ፤ በግምት −60 − 37አይ ናት። ሁለቱም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ሲካፈሉ ማይነሱ ጭራሽ ይጠፋል፣ ካልኩሌተሩም ፈገግ ብሎ 31.66 ይላል። ንጹሕ፣ ፖዘቲቭ፣ የሚያምር ቁጥር። እሱን ያመነ ሰው ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ፎገራ በኩል ነው የሚነጉደው። ዳንግላ ግን በደቡብ ምዕራብ ነው። ስለዚህ 31.66 − 180 = −148.34። አሩ 70.49። ከ0 እስከ 360 ባለው አቆጣጠር ከተጠየቃችሁ በመቀነስ ፈንታ 31.66 ላይ 180 ደምሩ፣ 211.66 ይሆናል፤ አንድ አቅጣጫ ነው።

ቀኝና ታች ከሆነ ማይነስ ብቻ ለጥፉበት። ደጀን ከደብረ ማርቆስ 47 − 18አይ ብትሆን አሩ 50.33፣ ማዕዘኑ −20.96።

ጥያቄው ሌላ ካላለ −180 እና 180 መካከል ያለውን ስጡ፤ ፕሪንሲፓል አርግዩመንት የሚባለው እሱ ነው።

መስመር ላይ የወደቀ ቁጥር ከመጣ ፎርሙላ አትንኩ። −7 ከሆነ 7∠180፣ 4አይ ከሆነ 4∠90፣ −2አይ ከሆነ 2∠−90። 4አይን በፎርሙላ ልሥራ ብትሉ ለዜሮ ማካፈል ይመጣባችኋል። ዜሮ ራሱ አር ዜሮ ነው፣ ማዕዘን ግን የለውም። ከመነሻው ንቅንቅ ያላለ ሰው በየት አቅጣጫ ሄደ አይባልም።

ዲግሪ፣ ራዲያን እና ያ ሦስተኛው

75.58 በጠበቃችሁበት ቦታ 1.319 ካያችሁ ማሽናችሁ ራዲያን ላይ ነው። 83.98 ካያችሁ ደግሞ ግራዲያን ላይ ነው፤ ይህን ሞድ እኛ አገር ማን እንደሚጠቀምበት እንጃ፣ ግን ካልኩሌተር ሲዋዋሱ በስህተት ይነካል። ግራዲያኑ የሚያሳስተው ለዲግሪው ቅርብ ስለሆነ ነው። ፈተና ከመጀመራችሁ በፊት ታን⁻¹(1) ብላችሁ ሞክሩ። 45 ካለ ዲግሪ ነው፣ 0.785 ካለ ራዲያን፣ 50 ካለ ግራዲያን።

ራዲያን ከተጠየቃችሁ ዲግሪውን በፓይ አባዝታችሁ ለ180 አካፍሉ። ባሕር ዳር 1.822 ራዲያን ትሆናለች።

ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና የሚመጡት ቁጥሮች ተመርጠው ነው የሚመጡት። ሀ እና ለ እኩል ከሆኑ ሪፈረንሱ 45 ነው። አንዱ የሌላው √3 እጥፍ ከሆነ ወይ 30 ነው ወይ 60፤ ለ ከበለጠ 60፣ ሀ ከበለጠ 30። ለምሳሌ −√3 + አይ፦ አሩ 2፣ ሪፈረንሱ 30፣ ነጥቡ ግራና ላይ፣ ስለዚህ 150 ዲግሪ። እነዚህን ሦስት ማዕዘኖች የያዘ ልጅ ብዙ አይቸገርም።

አራተኛ፦ መልሳችሁ ፈትሹ

አርን በኮስ ቴታ አባዙ፣ ሀ መምጣት አለበት። በሳይን ቴታ አባዙ፣ ለ መምጣት አለበት። 144.55 × ኮስ 104.42 በግምት −36 ይሰጣል፣ በሳይን ደግሞ 140። ተዘጋ።

የዚያን ልጅ መልስ ብትፈትሹት 36 እና −140 ነው የሚመጣው። ቁጥሮቹ ልክ፣ ምልክቶቻቸው ግን ሁለቱም የተገለበጡ። ይህን ስታዩ ሌላ ስህተት አትፈልጉ፤ የ180 ዲግሪው ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። −2(ኮስ 30 + አይ ሳይን 30) ፖላር ይመስላል፣ አይደለም። አር ኔጌቲቭ አይሆንም። ማይነሱ ማለት ግማሽ ዙር ዙር ማለት ስለሆነ 2∠−150 ብላችሁ ጻፉት። መሀል ላይ ያለው ምልክትም መደመር መሆን አለበት፤ "ኮስ ሲቀነስ አይ ሳይን" ካያችሁ ማዕዘኑን ኔጌቲቭ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

በማሽን አቋራጭ

ካሲዮ 991 ኢኤስ ፕላስ ያላችሁ ሺፍት ብላችሁ የመደመሩን ቁልፍ ስትጫኑ "ፖል" የሚል ይመጣላችኋል። −36 አስገቡ፣ ሺፍትና የቅንፍ መዝጊያውን ተጭናችሁ ኮማ፣ ከዚያ 140፣ ቅንፍ ዝጉ፣ እኩል ይሆናል። አርና ቴታ አብረው ይወጣሉ፣ ማዕዘኑም 104.42 ነው። ትክክል። ለምን ይኼኛው አልተሳሳተም? ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሰጣችሁት ምልክታቸው አልጠፋበትም።

ኮምፒውተር ላይ ያለው አታን2 የሚባለውም እንዲሁ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ኤክሴል መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ለን ይፈልጋል፤ ፓይተን ደግሞ መጀመሪያ ለን ነው የሚፈልገው። ሁለቱም የሚመልሱት በራዲያን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ሳይነቃ ግማሽ ቀን ሊያቃጥል ይችላል፤ እኔ አቃጥያለሁ።

ታዲያ ምን ይሠራል?

ማባዛት ይቀላል። ፖላር ላይ አሮቹ ይባዛሉ፣ ማዕዘኖቹ ይደመራሉ፣ ሌላ ጣጣ የለም። ወደ ፓወር ሲነሣ አሩ ይነሣል፣ ማዕዘኑ በፓወሩ ይባዛል። (1 + አይ)ን ስምንት ጊዜ በራሱ አባዙ ብትባሉ በሬክታንጉላር ገጽ ሙሉ ትሞላላችሁ። በፖላር √2∠45 ነው፤ √2 በስምንት ሲነሣ 16፣ 45 ሲባዛ በ8 360። መልሱ 16።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ላሳያችሁ። (−1 + √3አይ) ትክክለኛው ፖላሩ 2∠120 ነው። ተሳስታችሁ 2∠−60 አላችሁ እንበል። ወደ 6 ብታነሡት ትክክለኛው 64∠720 ይመጣል፣ 64 ነው። የእናንተው 64∠−360፣ እሱም 64። መልሱ ገጠመ! መምህሩ ራይት ያደርግላችኋል፣ እናንተም የገባችሁ ይመስላችኋል። ወደ 3 ስታነሡት ግን ትክክለኛው 8፣ የእናንተ −8። የግማሽ ዙር ስህተት በጥንድ ፓወር ይደበቃል፣ በጎደሎ ፓወር ይጋለጣል። "ባለፈው በዚሁ መንገድ ሠርቼ አግኝቼ ነበር" የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ፓወሩ ስንት እንደነበር እጠይቀዋለሁ።

ኤሌክትሪክ የምትማሩም ይኼው ነው ሥራችሁ። እናንተ ጋ አይ ከረንት ስለሆነ ቁጥሩን ጄይ ትሉታላችሁ። አንድ ትልቅ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ኢምፔዳንሱ (ከረንትን የሚገታበት ጠቅላላ መጠን) 8 + 6ጄይ ኦም ነው ብንል ፖላሩ 10∠36.87 ነው። የቤታችን 220 ቮልት ለ10 ሲካፈል 22 አምፔር፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ በ36.87 ዲግሪ ወደ ኋላ ይቀራል። የ36.87 ኮስ 0.8 ነው፤ ፓወር ፋክተሩ እሱ ነው፣ ፓምፑ በትክክል የሚወስደው 220 × 22 × 0.8 = 3872 ዋት። ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ ሰው ታን⁻¹ን ዝም ብሎ ተጠቅሞ ምንም ሳይሆን የሚያልፈው ሬዚስታንስ ኔጌቲቭ ስለማይሆን ነው። ነጥቡ ሁሌ በቀኝ በኩል ይወድቃል። ያንኑ ልማድ ይዞ ማቲማቲክስ ፈተና ሲገባ ነው ጉድ የሚፈላው።

ለልምምድ ፍኖተ ሰላምን ውሰዱ። ከደብረ ማርቆስ −49 + 40አይ አድርጓት። አሩ 63.25፣ ማዕዘኑ 140.77 መምጣት አለበት። −39.23 ካገኛችሁ ዓባይ በረሃን ተሻግራችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን እየተጠጋችሁ ነውና ተመለሱና ሣሉ።